ቢሊያርድ ከስብሰባው በኋላ

ጀርመኖች በራሳቸው ላይ ከሚቀልዷቸው ቀልዶች አንዱ «ሦስት ጀርመናውያን አንድ ቦታ ከተገናኙ ማኅበር ይመሠርታሉ» የሚል ነው። ቀልዱ ያረጀ ነው፤ ከሕጉ ጋር ሲተያይ ግን ግማሹ ስሕተት፣ ግማሹ ደግሞ ከቀልድ በላይ ትክክል ሆኖ ይገኛል። ከ1900 ጀምሮ የሚሠራበት የጀርመን ፍትሐ ብሔር ሕግ (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አንድ ማኅበር በፍርድ ቤት መዝገብ እንዲሰፍር ቢያንስ ሰባት አባላት ይኑሩት ይላል። የአባላቱ ቁጥር ከሦስት በታች ከወረደ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ሕጋዊ ሰውነቱን ይነሣዋል። ስለዚህ ሦስት ጀርመናውያን የተመዘገበ ማኅበር መመሥረት አይችሉም፤ የተመሠረተውን ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው አንቀው መያዝ ይችላሉ።

ዛሬ በአገሪቱ ውስጥ ወደ 600 ሺህ የሚጠጉ የተመዘገቡ ማኅበራት አሉ። ጥንቸል የሚያረቡ፣ በኅብረት የሚዘምሩ፣ ለካርኒቫል የሚለብሱትን ልብስ ዓመቱን ሙሉ ሲሰፉ የሚከርሙ ሰዎች ሁሉ በማኅበራቸው ስም ጫፍ ላይ «ኤ ፋው» የሚባሉትን፣ «የተመዘገበ ማኅበር» ማለት የሆኑትን ሁለት ፊደላት አንጠልጥለው ይኖራሉ። እኔ አባል የሆንሁበት የቢሊያርድ ክበብም ከእነዚህ አንዱ ሲሆን፣ የሚገኘው በሩር አካባቢ፣ የድንጋይ ከሰሉ ጉድጓድ ከተዘጋ ወዲህ ብዙ ሥራ ባልቀረባት አንዲት ከተማ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ብጠራውም የሚጨምረው ነገር የለም፤ ክበቡ ለኢዮቤልዩው ያሳተማትን የታሪክ መጽሔት የጎረቤት ከተማው ክበብ ካሳተማት ጋር አስተያይቼ፣ ከሊቃነ መናብርቱ ፎቶግራፍ በቀር ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘሁም።

ሁለቱም መጽሔቶች የሚጀምሩት በፈላስፋው በአማኑኤል ካንት ነው። ካንት በ1740 የኮኒግስበርግ ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ በተማሪነቱ ዘመን ከጓደኞቹ ጋር ቢሊያርድ እየተጫወተ የኪስ ገንዘብ ያገኝ ነበር፤ የኋላ ኋላ የሚደፍራቸው ሰው ስለ ጠፋ ወደ ካርታ ጨዋታ እንደ ዞሩ ከጓደኞቹ አንዱ ተናግሯል። ኮኒግስበርግ ዛሬ ካሊኒንግራድ ተብላ በሩሲያ ግዛት ውስጥ የምትገኝ፣ ከእኛ የከሰል ከተማ ጋር ምንም የማያገናኛት የወደብ ከተማ ናት። ይህ ግን የታሪክ ጸሐፊዎቻችንን ቅንጣት ታህል አላገዳቸውም። ቅር ያላቸው ነገር ቢኖር ካንት የአባልነት መዋጮ ከፍሎ አለማወቁ ብቻ ይመስለኛል።

ከካንት ቀጥሎ የሚመጣው ዝሆን ነው። አሜሪካዊው ጆን ዌስሊ ሃያት በ1860ዎቹ መጨረሻ ገደማ ሴሉሎይድ የሚባለውን ምትክ እስኪያገኝ ድረስ፣ ለቁም ነገር የሚያገለግል የቢሊያርድ ኳስ ይጠረብ የነበረው ከዝሆን ጥርስ ነው፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን ኮርተው የሚጫወቱ ሰዎች ለብዙ ዓመታት ከጥርሱ አልተላቀቁም። ሊቀ መንበራችን ለመጣው እንግዳ ሁሉ፣ ከአፍሪካ የተገኘ የክበቡ የመጀመሪያ አባል እኔ እንደ ሆንሁ በኩራት ይናገራሉ። እኔ ደግሞ ቀዳሚነቱ የሚገባው ለዝሆኑ መሆኑን ለማስረዳት ሞክሬ ነበር፤ የአባልነት ቅጽ ስላልሞላ አይቆጠርም ተባልሁ።

ክበቡ የተወለደው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በአንድ መጠጥ ቤት የኋላ ክፍል ነው። ጠረጴዛው የባለ መጠጥ ቤቱ ንብረት ነበር፤ ውሉ በጽሑፍ ባይሰፍርም ማንም አይስተውም ነበር፤ ለጨዋታው አይከፈልም፣ ያልጠጣ ግን አይጫወትም። ዛሬ ብሔራዊ የሆነው የቢሊያርድ ኅብረት ሥሩን የሚቆጥረው ከ1911 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ሌላውን ሲያሸንፍ ድሉ የሚጸናው ቅጹ ተሞልቶ፣ በሁለቱም ወገን ተፈርሞ፣ ለሚመለከተው ሲላክ ብቻ ሆነ። እዚህ ላይ ለዕድር ልጆች ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ላረፈደ ቅጣት፣ ሁሉም እንደምናውቀው ነው፤ የጎደለው ድንኳኑና ድስቱ ነው።

መጽሔቷ ከ1933 እስከ 1945 ያለውን ዘመን በሁለት መስመር ታልፈዋለች፤ «አስቸጋሪዎቹ ዓመታት ክበባችንንም ሳይነኩት አላለፉም» ብላ ወደሚቀጥለው አንቀጽ ትሻገራለች። ይህችው መጽሔት የጠረጴዛውን ጨርቅ በሰማያዊ ወይስ በአረንጓዴ እንለውጥ ተብሎ ለተነሣው ክርክር አንድ ገጽ ተኩል ሰጥታለች። በእነዚያ ዓመታት በአገሪቱ ያሉ የስፖርት ማኅበራት የራሳቸውን ሊቀ መንበር በነጻነት መምረጣቸው ቀርቶ «የማኅበር መሪ» የሚባል ሹም ተተከለባቸው፤ አይሁዳውያን አባላትም ከየማኅበሩ ተባረሩ። የኛ ክበብ የዚያ ዘመን ቃለ ጉባኤ በቦምብ ድብደባ ተቃጠለ ይባላል። የገንዘብ መዝገቡ ግን ከዚያው ቁም ሣጥን ውስጥ አንድ ገጽ ሳይጎድለው ወጥቷል። እሳቱ ይህን ያህል መራጭ መሆኑን ስጠይቅ፣ ሰዎች በድንገት መምቻ ዘንጋቸውን በጠመኔ መቀባት ጀመሩ።

ጦርነቱ ሲያልቅ ድል አድራጊዎቹ መንግሥታት በታኅሣሥ 1945 ባወጡት 23ኛው መመሪያ ከሽንፈቱ በፊት የነበሩት የስፖርት ድርጅቶች ሁሉ እንዲፈርሱ አዘዙ፤ ዓላማው ስፖርቱን ከወታደራዊ መንፈስ ማጽዳት ነበር። ተኩስና የጎራዴ ግጥሚያ ቢከለከሉ ነገሩ ይገባል። ሆዳቸው ከጠረጴዛው ጠርዝ የቀደመ ሰዎች ረጅም ዘንግ ይዘው ለዓለም ሰላም እንደማያሰጉ ለአንድ የእንግሊዝ መኰንን በጽሑፍ ሲያስረዱ ግን፣ በአገሪቱ ታሪክ ከታዩት ማመልከቻዎች ሁሉ እውነተኛውን የጻፉ ይመስለኛል። ፈቃዱም ተገኘ፤ የመጀመሪያው ስብሰባ የመጀመሪያ አጀንዳም የቀድሞውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ ሆነ።

እውነተኛው ጦርነት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የክበቡ መሥራቾች የሚያውቁት ጨዋታ እኛ ካራምቡላ ለምንለው ዘመድ የሆነውን ካራምቦልን ነበር፤ ጠረጴዛው 2.84 ሜትር በ1.42 ሜትር ነው፣ ኳሶቹ ሦስት ናቸው፣ ቀዳዳ የሚባል ነገር የለውም። «ሦስት ጠርዝ» በሚባለው ዓይነቱ ተጫዋቹ የመታው ኳስ የመጨረሻውን ኳስ ከመንካቱ በፊት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ጠርዝ መምታት አለበት። አንድ ነጥብ ለማግኘት ሲታሰብ፣ ሲለካ፣ ሲተነፈስ ደቂቃ ያልፋል፤ ነጥቡ ከተገኘ ደግሞ ተመልካቹ አያጨበጭብም፣ በጣቱ ጠረጴዛ መታ መታ ያደርጋል። ከዚያ ፑል መጣ። ስድስት ቀዳዳ፣ ባለ ቀለም ኳስ፣ ሙዚቃ፣ በ1980ዎቹም ጂንስ የለበሰ ወጣት። ሽማግሌዎቹ «ኳስ ጉድጓድ ውስጥ መክተት የማዕድን ሠራተኛ ሥራ ነው» እያሉ ናቁት፤ ይህን ይሉ የነበሩት ሰዎች ግማሾቹ ራሳቸው የማዕድን ጡረተኞች ነበሩ።

ወጣቶቹን የማስገባቱ ጉዳይ በቀላል ድምፅ ያልቅ መስሏቸው ነበር። መተዳደሪያ ደንብ ለማሻሻል ሦስት አራተኛ ድምፅ ይበቃል፤ የማኅበሩን ዓላማ ለመለወጥ ግን ሕጉ የአባላቱን ሁሉ ስምምነት ይጠይቃል፣ በስብሰባው ያልተገኙትም በጽሑፍ ሊስማሙ ይገባል። የክበቡ ደንብ ደግሞ በመጀመሪያው አንቀጽ «የማኅበሩ ዓላማ የካራምቦል ጨዋታን መንከባከብ ነው» ይል ነበር። ስለዚህ ፑል ማሻሻያ ነው ወይስ የዓላማ ለውጥ? በዚህ ጥያቄ ላይ ሰዎች ሰላምታ ተነፋፍገዋል፤ ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ ትተዋል። ሁሉም ፈርመው አንድ አዛውንት ብቻ እምቢ አሉ። የአባልነት መዋጯቸውን በወሩ መጀመሪያ ቀን የሚከፍሉ፣ በአንድም ስብሰባ ቀርተው የማያውቁ፣ በምንም ቀዳዳ ሊባረሩ የማይችሉ ሰው ነበሩ። ነገሩ የተፈታው የልጅ ልጃቸው በጎረቤት ከተማው ክበብ ፑል ተጫውቶ ዋንጫ ሲያመጣ ነው፤ በማግሥቱ ፈረሙ፣ ከፊርማቸው ሥርም «ያለ ደስታ» ብለው ጻፉበት። ጽሑፉ ዛሬም በፍርድ ቤቱ መዝገብ ውስጥ እንዳለ ነው።

ወጣቶቹን ጊዜ ካሳቸው። ኦሊቨር ኦርትማን በ1995፣ ራልፍ ሱኬ በ1996፣ ቶርስተን ሆማን በ2003ና በ2013፣ የቦኹሙ ልጅ ጆሹዋ ፊለር ደግሞ በ2018 ናይን ቦል በሚባለው የፑል ዓይነት የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ፤ ካራምቦለኞቹም በበኩላቸው ከ1990 ጀምሮ በየዓመቱ ለማለት ይቻላል የሦስት ጠርዝ የዓለም የቡድን ሻምፒዮና ወደሚካሄድባት ወደ ፊርዘን ከተማ እየተጓዙ ይጽናናሉ። በክበባችን ግድግዳ ላይ ከእነዚህ ታላላቅ ሰዎች የአንዱ ጀርባ የሚታይበት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። የማን ጀርባ እንደ ሆነ በሁለቱ ወገኖች መካከል ስምምነት የለም።

የጀርመን ውሕደት በእኛ ክበብ ላይ ያመጣው አንድ ሰው ነው። በምሥራቁ ክፍል ክበቦች «ትራክተር»፣ «ሎኮሞቲቭ»፣ «ኬሚ» እየተባሉ በመሥሪያ ቤታቸው ሥር ይጫወቱ ነበር፤ በጣም ይወዱት የነበረውም በጠረጴዛው ላይ ትንንሽ እንጨቶች አቁሞ በኳስ መጣል ነው። ከዛክሰን የመጣው አባላችን ይህ ጨዋታ ሦስተኛ ክፍል ሆኖ እንዲቋቋም ማመልከቻ አቀረበ። ስለ ዓላማ ለውጥ አንቀጹ ሲነገረው ማመልከቻውን ራሱ አጥፎ ኪሱ ከተተ።

በ2002 ማርክ በዩሮ ሲተካ የወር መዋጮው 10 ማርክ ነበር። ይፋዊው ምንዛሬ 1.95583 ስለ ሆነ ገንዘብ ያዡ 5 ዩሮ ከ11 ሳንቲም እንድንከፍል ወሰኑ። ወደ 5 ዩሮ ዝቅ እንዲል የጠየቁ ማኅበሩን ያከስራሉ፣ ወደ 6 ከፍ እንዲል የጠየቁ ደግሞ በአጋጣሚው ይነግዳሉ ተብለው ተወገዙ፤ ለብዙ ዓመት ከየኪሳችን አሥራ አንድ ሳንቲም ስንለቅም ኖርን። ቀጥሎ የሲጋራ ሕግ መጣ። በየግዛቱ በመጠጥ ቤት ማጨስ ሲገደብ በእኛ ግዛት ያሉ መጠጥ ቤቶች «የአጫሾች ክበብ» ነን እያሉ ደጃፋቸው ላይ ለጠፉ፤ አንድ ቢራ ለመጠጣት የአባልነት ካርድ የሚሞላበት ዘመን ሆነ። ይህ መንገድ በ2013 እስኪዘጋ ድረስ ከአባሎቻችን አንዳንዶቹ የሦስት ማኅበር ካርድ ይዘው ይዞሩ ነበር።

በ2022 ክረምት የጋዝ ዋጋ ሰማይ ሲነካ ደግሞ ሌላ ፈተና ገጠመን። ለቁም ነገር ውድድር የሚሆን የካራምቦል ጠረጴዛ ከጨርቁ ሥር ያለው የድንጋይ ሰሌዳ በኤሌክትሪክ ይሞቃል፤ እርጥበት ከያዘው ኳሱ ይዘገያልና። ጉባኤው የክፍሉ ማሞቂያ እንዲቀነስ፣ የጠረጴዛው ግን እንዳይነካ ወሰነ። ያን ክረምት ካፖርት ለብሰን ተጫወትን፤ ተራውን የሚጠብቅ ሰው ጠርዙ ላይ እጁን ሲያሞቅ ከተገኘ ይገሠጽ ነበር።

ያለፈው ዓመታዊ ጉባኤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ተከፈተ። በሌላ ቀን አንተ የምንባባል ሰዎች ሊቀ መንበሩ ደወሉን ሲመቱ እርስዎ መባባል እንጀምራለን። ሒሳብ መርማሪዎቹ መዝገቡ ንጹሕ መሆኑን ገለጹ፤ የሥራ አመራሩ ከኀላፊነት ነጻ ይሁን የሚለው ሐሳብ በሙሉ ድምፅ፣ በራሱ በሥራ አመራሩ ተአቅቦ አለፈ። ገንዘብ ያዡ በሕመም ምክንያት መልቀቃቸውን ሲያስታውቁ ጉባኤተኛው ሁሉ ጫማውን መመርመር ያዘ፤ በመጨረሻ የተመረጠው በጉንፋን የቀረ ሰው ነው። በስልክ ሲነገረው የመለሰውን ቃል ጸሐፊው «ምርጫውን ተቀብሏል» ብለው አሳጥረው መዘገቡት።

«ልዩ ልዩ» ላይ ስንደርስ አንድ አባል እጃቸውን አውጥተው የቡና ማሽኑ ስለሚያፈስ አዲስ ይገዛ አሉ። ሊቀ መንበሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ክቡርነትዎ፣ የቡና ማሽኑ በጥሪው ደብዳቤ ላይ አልተጻፈም። በጥሪው ላይ ባልተጠቀሰ ጉዳይ የሚተላለፍ ውሳኔ በሕግ አይጸናም።»

«ይፈስሳል እኮ ነው የምልዎት፤ ይኸው ጫማዬ ሥር ደርሷል።»

«መፍሰሱ በቃለ ጉባኤ ይያዛል። መግዛቱ አይቻልም።»

ሰውየው ግን ሕጉን ያነበቡ ሰው ነበሩ። ከአባላቱ አንድ አሥረኛው ምክንያቱን ገልጾ በጽሑፍ ከጠየቀ አስቸኳይ ጉባኤ መጥራት ግዴታ ነው። ክበቡ 38 አባላት ስላሉት አራት ፊርማ ያስፈልጋል። የቢራ ማስቀመጫ ካርቶን ገልብጠው ጻፉና ፈርመው በየወንበሩ ዞሩ። ሁለተኛው የዛክሰኑ ሰው ነበር፤ ሳያነብ ፈረመ። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ ለቡና ብዬ። አራተኛውን ፈራሚ ግን ማንም አልጠበቀም፤ ካርቶኑን ተቀብለው በጥንቃቄ አንብበው ስማቸውን ያሰፈሩት ራሳቸው ሊቀ መንበሩ ናቸው። ከዚያ ካርቶኑን ለራሳቸው አስረከቡ፣ መቀበላቸውን በፊርማቸው አረጋገጡ፣ አስቸኳዩን ጉባኤም ለሚቀጥለው ወር ቀጠሩ። እስከዚያ ድረስ ከማሽኑ ሥር ባልዲ እንዲቀመጥ አንድ ሰው ሐሳብ ቢያቀርብም፣ ባልዲውም በጥሪው ላይ አልነበረም።