«እሺ» ያለ ሁሉ አልተስማማም

ነሐሴ ላይ፣ ቡናው ገና ዛፉ ላይ አረንጓዴ ሳለ፣ ብር የያዙ ነጋዴዎች ከጅማ ከተማ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ይወጣሉ። ለገበሬው ወሩ ጎተራ የሚራቆትበት፣ ለልጆች ደብተርና ዩኒፎርም የሚታሰብበት ነው። ነጋዴው ብሩን ቆጥሮ ይሰጥና «እንግዲህ አባባ፣ ዘንድሮ ቡናው የእኔ ነው» ይላል። ሽማግሌውም እየተቀበሉ «እሺ ልጄ፣ እሺ» ይላሉ።

ኅዳር ላይ ጠብ የሚነሳው ከዚህች «እሺ» ነው። ነጋዴው ዋጋውም፣ ኪሎውም፣ እሸት (ገና ያልደረቀ ቀይ ፍሬ) ይሁን ጀንፈል (ከነገለፈቱ የደረቀ) የሚለውም ያለቀ መስሎታል። ሽማግሌው ደግሞ ቃል የገቡት ለቸገራቸው ቀን ደራሽ ቅድሚያ ሊሰጡ ብቻ ነው። ከዚያ «ቃሉን በላ» ይባልላቸዋል። ይህ ፍርድ ልክ አይመስለኝም።

«እሺ» ከስምምነት በፊት አክብሮት ነው። ታላቅ ሲያዝ እሺ ይባላል፤ ስልክ ላይ በየመሃሉ የምንጥላት «እሺ… እሺ…» ደግሞ «እየሰማሁ ነው፣ ቀጥል» ከማለት አታልፍም። «እሺ፣ እናያለን» ያለ ሰውማ ብዙውን ጊዜ እምቢ ብሏል፤ ፊት ለፊት መናገሩ ነውር ሆኖበት ነው። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» እየተባለ ያደገ ሰው፣ ያውም ብር እጁ ላይ ተቀምጦ፣ እምቢ እንዲል መጠበቅ ይከብዳል።

ሕጉስ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1681 መቀበል በቃልም፣ በጽሑፍም፣ በምልክትም፣ በአድራጎትም ሊገለጽ ይችላል ይላል። ስለዚህ «እሺ» ልታስር ትችላለች። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 1682 ግን ዝምታን እንደ መቀበል አይቆጥርም፤ «ዝምታ የመስማማት ምልክት ነው» የሚለው አባባላችን እዚያ ቦታ የለውም። አንቀጽ 1728 ደግሞ ማንበብ የማይችል ሰው የፈረመው ውል በአዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ይህን የሚያውቅ ገበሬ ስንት ነው? በየመንደሩ አሻራ የሚያስነሱትስ ያውቁታል?

ምን ላይ እንደተስማሙ ለይቶ መናገር ለጅማ እንግዳ አይደለም። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ለአጼ ምኒልክ ሲገብሩ፣ ግብር ሊከፍሉ፣ የውስጥ አስተዳደሩን ግን ራሳቸው ሊይዙ ነበር የተስማሙት። የሚሰጡትም የሚያስቀሩትም የታወቀ ነበር፤ ግዛታቸውም ለአሥርት ዓመታት በዚያው ቆየላቸው።

ነጋዴዎቻችን ብር ከመቁጠራቸው በፊት ይህን ያድርጉ፦ ሽማግሌው ስንት ኪሎ፣ በምን ዋጋ፣ መቼ እንደሚያስረክቡ በራሳቸው አንደበት ይናገሩ፤ ቋንቋቸው አፋን ኦሮሞ ከሆነ በአፋን ኦሮሞ። ሁለት ጎረቤት ይስማ፣ ማንበብ የሚችል የቤተሰብ አባል ይጻፈው። ዋጋው በመከር ሰዓት ይወሰን ከተባለም ያው ይጻፍ። ሽማግሌው መልሰው መናገር ካቃታቸው ብሩ በዚያ ቀን አይሰጥ።