እርማት፦ 37 ጂን ማንበብ የዘር ሐረግን ጥያቄ አይፈታም

ወንድሜ፣ ለደሴ የባዮሎጂ ተማሪዎች ባዘጋጀኸው ማጠቃለያ «ሙሉው የማይቶኮንድሪያ ጂኖም ከተነበበ የባሕር ቀንድ አውጣዎች ዝምድና ያለቀለት ነው» ብለሃል። አላለቀም። በማይቶኮንድሪያ (የሕዋስ ኃይል ማመንጫ) ያሉት 37 ጂኖች፣ ማለትም 13ቱ የፕሮቲን፣ 22ቱ የቲአርኤንኤ እና 2ቱ የአርአርኤንኤ (ፕሮቲን ሲሠራ የሚያግዙ ሞለኪውሎች) ጂኖች፣ አብረው ስለሚወረሱ ቃላቸው የአንድ ምስክር ነው።

የባሰው የጂኖቹ የለውጥ ፍጥነት ነው። ድንጋይ ላይ የሚጣበቁት፣ ባርኔጣ መሳዮቹ ፓቴሎጋስትሮፖዳ ጂኖማቸው ቶሎ ስለሚለወጥ በዝምድና ዛፉ ላይ ቅርንጫፋቸው ይረዝማል። ረጃጅም ቅርንጫፎች ደግሞ ሳይዛመዱ ይሳሳባሉ፤ ስለዚህ ሌላ ባለ ረጅም ቅርንጫፍ የቀንድ አውጣ ቡድን ከሆነው ከሄትሮብራንኪያ ጎን ይለጠፋሉ። ቡትስትራፑ (ውሂቡ ደጋግሞ ሲናሙና ቅርንጫፉ ከመቶ ስንቴ እንደሚወጣ የሚለካው) 100 ቢያሳይ እንኳ ስሕተቱ ስሕተት ነው።

ስሕተቱን ለመቀነስ የኮዶኑን (አንድ አሚኖ አሲድ የሚወክለውን ባለ 3 ፊደል ኮድ) 3ኛ ፊደል አውጣ ወይም በአሚኖ አሲድ ሥራ፤ ካት ሞዴልን (ለየቦታው የተለያየ የለውጥ ሁኔታ የሚፈቅደውን ስሌት) ሞክር፤ ዝርያ ጨምር። ከኒውክሌር (በሕዋሱ አስኳል ካሉት) ጂኖች ጋር ሳታስተያይ ግን አትፍረድ።