እዝባሯ «እና» ናት ወይስ «ወይም»?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ ተራ እየጠበቅኩ ሳለ አንድ የሰፈሬ ልጅ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር አመጣው። «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ፤ ልወዳደር ወይስ ልተዋት?» በቴሌግራም ሲዞር የሰነበተ የሥራ ማስታወቂያ ነው። ልጁ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቋል፤ የመውጫ ፈተናውንም አልፏል። ቴምፖውን በፕላስቲክ ክላሰር ይዞ ከተማውን መዞር ከጀመረ ወራት ተቆጥረዋል።

ማስታወቂያው እንዲህ ይላል፦ «የሥራ መደቡ መጠሪያ፦ የሶፍትዌር ባለሙያ። ብዛት፦ 1። ተፈላጊ ችሎታ፦ ጃቫ/ጃቫ ስክሪፕት፣ ሲ/ሲ ፕላስ ፕላስ፣ ፒኤችፒ/ፓይተን ወዘተ. በሚገባ የሚችል/የምትችል። የሥራ ልምድ፦ 3 ዓመት /ከዚያ በላይ/። ደመወዝ፦ በስምምነት።»

ልጁ ፒኤችፒ ይችላል፤ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን የሠራው ላራቬል በተባለው የፒኤችፒ መሣሪያ ነው። ጃቫ ስክሪፕትም አይቸግረውም። ጃቫን አንድ ሴሚስተር ተምሮ ከተፈተነ ወዲህ አልነካውም። ሲ ፕላስ ፕላስ አንደኛ ዓመት ላይ ቀርቷል፤ ፓይተንን ጀምሮ ትቶታል። ታዲያ ይህ ልጅ ያሟላል ወይስ አያሟላም? እዝባሯም (/) ነጠላ ሰረዟም (፣) «ወይም» ከሆኑ ከበቂ በላይ ያሟላል። «እና» ከሆኑ ደግሞ የተፈለገው ስድስት የፕሮግራም ቋንቋ በሚገባ የሚችል አንድ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቢገኝ እንኳ ደመወዙ ላይ የሚስማማ አይመስለኝም።

እዝባር በእኛ ጽሑፍ ሥራ ይበዛባታል። ወ/ሮ፣ ጽ/ቤት፣ ት/ቤት ስንል ታሳጥራለች። ግራና ቀኝ ስትቆም ቅንፍ ትሆናለች፤ «/ከዚያ በላይ/» ላይ የቆመችው ለዚሁ ነው። ቀን ስንጽፍ ቀኑን ከወሩ ትለያለች። «የሚችል/የምትችል» ላይ «ወይም» ናት። ይህን ሁሉ አንባቢ በልማድ ያውቀዋል፤ ወ/ሮ ማለት «ወ ወይም ሮ» መስሎት የተሳሳተ ሰው አላየሁም። «ጃቫ/ጃቫ ስክሪፕት» ላይ ግን ልማድ አያግዝም። ሁለቱንም ነው የሚፈልጉት? አንዱ ይበቃቸዋል? ወይስ አንዱን ነገር በሁለት ስም እየጠሩት ነው? እኔ የምጠረጥረው የመጨረሻውን ነው፤ ጸሐፊው ጃቫ የጃቫ ስክሪፕት የቁልምጫ ስም መስሎታል።

ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም። ጃቫ ከሰን ማይክሮሲስተምስ ኩባንያ ለሕዝብ የወጣው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ዓመት ብሬንዳን አይክ የሚባል ባለሙያ የድረ ገጽ ማሰሻ ይሠራ በነበረው ኔትስኬፕ ኩባንያ ውስጥ የሌላ ቋንቋ የመጀመሪያ ቅርጽ በ10 ቀን ሠራ። ቋንቋው መጀመሪያ ሞካ፣ ቀጥሎ ላይቭ ስክሪፕት ተባለ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ጃቫ ስክሪፕት ያሉት ጃቫ ያኔ ገበያው የደራ ስም ስለነበረ ነው። ከስሙና ከአንዳንድ የአጻጻፍ መልክ በቀር ዝምድናቸው የሩቅ ነው። «ጃቫ» ብሎ ሌላውን የሚያስብ አሠሪ፣ እዚህ ድሬ ባጃጅ ውስጥ ገብቶ «ገንደ» ብሎ ዝም እንዳለ ተሳፋሪ ነው። ገንደ ቆሬ ነው ገንደ ገራዳ? ሾፌሩ «አቦ ጨርሰው!» ይለዋል። ማስታወቂያ አውጪውን «ጨርሰው» የሚለው የለም።

ልዩነቱ የስም ብቻ እንዳይመስል አንድ ትንሽ ነገር ላሳይ፤ እሷም የእዝባር ጉዳይ ናት። ፕሮግራም ውስጥ እዝባር ማካፈያ ናት። ጃቫ ላይ 5/2 ብላችሁ ጻፉ፤ መልሱ 2 ነው። ሁለቱም ሙሉ ቁጥር ስለሆኑ ግማሿን ይጥላታል። ጃቫ ስክሪፕት ላይ 2.5 ነው። ሲ ላይ 2፣ ፒኤችፒ ላይ 2.5። ፓይተን ደግሞ እንደ ዕድሜው ነው፦ ድጋፉ በ2020 እ.ኤ.አ. መግቢያ ላይ የተቋረጠው ፓይተን 2 «2» ይላል፤ ፓይተን 3 «2.5» ይላል። አምስት ኩንታል ሽንኩርት ለሁለት ነጋዴ የሚያካፍል ፕሮግራም ብትጽፉ፣ እንደ ቋንቋው አንድ ኩንታል ሜዳ ላይ ቀርቶ ሊያድር ይችላል። ያም ሆኖ እያንዳንዱ ቋንቋ እዝባሯ ምን እንደምትሠራ ቁርጡን ጽፎ አስቀምጧል። ያልተጻፈላት ባለሙያውን በሚቀጥረው ወረቀት ላይ ነው።

«ሲ/ሲ ፕላስ ፕላስ» የዓለም ሁሉ አመል ስለሆነ ብዙም አልቆጣበትም። ዴኒስ ሪቺ ሲን ቤል ላብስ በተባለው የምርምር ተቋም ውስጥ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሠራው፤ ቢያርኔ ስትሮስትሩፕ ከዚያ ተነስቶ በ1979 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሥራ ሲ ፕላስ ፕላስ ሆነ። ይህ የሲ ልጅ ከአባቱ ቤት ወጥቶ ጎጆ ከቀለሰ ስንት ዘመኑ! ግን ለምሳሌ የመጋዘን ዕቃ መቁጠሪያ ብቻ የሚፈልግ ድርጅት ሲን ለምን እንደሚጠራ እስካሁን አልገባኝም።

«ወዘተ.» የምትለዋም አለች። ሰው «ወዘተ.»ን የት ሄዶ ይማራታል? ስልጠናውን የሚሰጥ ተቋም ካለ ይጠቆመኝ።

የዓመቱ ነገር ሌላ ጣጣ ነው። ፋስት ኤፒአይ የተባለውን የፓይተን መሣሪያ የፈጠረው ሴባስቲያን ራሚሬዝ በ2020 እ.ኤ.አ. ትዊተር ላይ ገጠመኙን ጽፎ ነበር፦ አንድ ማስታወቂያ በፋስት ኤፒአይ ከ4 ዓመት በላይ ልምድ ይጠይቃል፣ እሱ ራሱ መሣሪያውን ከፈጠረው ገና ዓመት ተኩል ቢሆነው ነው። ፈጣሪውም ለሥራው አልበቃም ማለት ነው። እኛ ድሬዎች ይህን ከማንም በላይ ልንረዳው ይገባን ነበር። ቀፊራ ገበያ አትክልት የምትሸጥ እናት ከአንድ ደንበኛ ጋር በኦሮምኛ ጀምራ፣ በሶማልኛ ተከራክራ፣ በአማርኛ ዋጋ ትቆርጣለች። «ስንት ዓመት ልምድ አለሽ?» ያላት የለም። በዚያው ቋንቋ የፍርድ ቤት አቤቱታ ጻፊ ብትባል ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። በቋንቋው ምን ሠራህ ብሎ መጠየቅ ሲቻል ስንት ዓመት ብሎ መጠየቅ ምን ይባላል?

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ከዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ አንድ ድርጅት «ማስታወቂያውን አንተ ጻፈው» ተባልኩ። የቀድሞውን ፋይል ከፍቼ ቀኑን ቀየርኩና ላክሁት። ቪዥዋል ቤዚክ ሳይቀር ውስጡ ነበር፤ በዚያ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ከቢሮው ከጠፋ ቆይቷል። የጽሑፍ ፈተናውን ያወጣው ሌላ ባልደረባ «ጃቫ/ጃቫ ስክሪፕት» የሚለውን አይቶ ጥያቄዎቹን በጃቫ አዘጋጀ። ሥራው ደግሞ የጃቫ ስክሪፕት ነበር። አንዲት ተፈታኝ በማለዳ ከሐረር በሚኒባስ ተነስታ፣ የደንገጎን ጠመዝማዛ ወርዳ መጥታለች። ስሟን ረስቼዋለሁ፤ ወረቀቷ ግን ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። በጃቫ የተጠየቀውን ሁሉ በጃቫ ስክሪፕት መልሳዋለች፤ አንድም ስህተት የለው። ከግርጌ በእርሳስ «ሥራው በየትኛው እንደሆነ ስላልተገለጸ በምችለው ሠርቻለሁ» ብላለች። ዜሮ ሰጠናት። ያለፈው ልጅ ጃቫ ስክሪፕትን ሲማር ወራት ፈጁ፤ እኛም ደመወዝ እየከፈልን ጠበቅነው።

እንዲህ የሚጻፈው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት ልክ እንደኔ ከአሮጌ ፋይል መገልበጥ ነው። የጋዜጣ ማስታወቂያ በስፋቱ ስለሚከፈልበትም ቃል በእዝባር ይተካል። የሰው ኃይል ክፍል ያሉ ሰዎች ቋንቋዎቹን የመለየት ግዴታ የለባቸውም፤ የሚወቀሰው ዝርዝሩን በቃል ነግሯቸው የሄደው የአይቲ ኃላፊ ነው። ጮክ ብሎ የማይነገር ሌላ ምክንያትም አለ። የላላ ማስታወቂያ ለመራጩ ይመቻል። ሰውዬውን ከፈለግነው እዝባሯን «ወይም» ብለን እናስገባዋለን፤ ካልፈለግነው «እና» ብለን እንጥለዋለን። ቅሬታ ቢቀርብ ሁለቱም ከማስታወቂያው ጋር ይስማማሉ። ተመራቂዎች ማስታወቂያ ባዩ ቁጥር «ሰው ተይዞላታል» የሚሉት ከመሬት ተነስተው አይደለም። ብዙ ጊዜ የተያዘ ሰው የለም። ግን እንደዚያ የተጻፈ ወረቀት ይዘን «አምላክ ምስክራችን ነው» ብንል ማን ያምነናል?

አንድ ወዳጄ ይህን ሳወራው «ጎበዝ ፕሮግራመር አንዱን ከቻለ ሌላውን በወር ይለምደዋል፤ ቋንቋ ምን ያደርጋል?» አለኝ። ግማሹ እውነት ነው። ከፒኤችፒ ወደ ፓይተን መሻገር የከፋ አይደለም፤ ሜሞሪ ራስህ ይዘህ ራስህ ወደምትለቅበት ወደ ሲ መውረድ ግን በወር የሚያልቅ ነገር አይደለም። ደግሞም ቋንቋው ለውጥ ከሌለው ይኸው በማስታወቂያው ላይ ይጻፋ! ለልጁ ስልኩ ላይ ለምሳሌ ያህል እንዲህ አድርጌ ጻፍኩለት፦ «በላራቬል የተሠራ የመጋዘን ቆጠራ ሲስተም አለን። ሥራው እሱን መጠገንና የሪፖርት ገጾች መጨመር ነው። ከፒኤችፒ፣ ከፓይተን ወይም ከጃቫ ስክሪፕት በአንዱ ሠርቶ ያስረከበው ነገር ያለው ይወዳደራል፤ አንዱ ይበቃል። ላራቬል ማወቅ ይጠቅማል እንጂ ግዴታ አይደለም። ፈተናው ተወዳዳሪው በመረጠው ቋንቋ ይሰጣል።» ከመጀመሪያው ቢረዝም በሁለት መስመር ነው።

«እነሱ እንዲህ አላሉማ» አለኝ ልጁ። እውነቱን ነው። «ደውልና ጠይቃቸው» አልኩት። ደወለ፤ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው። ያነሱት ሴት ድምፃቸው የጨዋ ነው። «ይቅርታ እትዬ፣ በጃቫና በጃቫ ስክሪፕት መሀል ያለችው እዝባር ‹እና› ናት ወይስ ‹ወይም›?» አላቸው። ትንሽ ዝም አሉ፤ ወረቀት ሲገላበጥ ይሰማል።

«የኔ ልጅ፣ እኛ ማስረጃ ብቻ ነው የምንቀበለው» አሉት። «ዋናውንና ኮፒውን ይዘህ ና።»

ስልኩን ኪሱ ከተተና ክላሰሩን ከፍቶ ከኋላዬ ተሰለፈ።