«ትንሽ ትንሽ ትራመዳለች?»

ይህን የጠየቀችው የአየር መንገድ ሠራተኛ ዓይኗ እኔ ላይ ነው፤ የምታወራው ግን ከእህቴ ጋር ነው። እህቴ ልትሸኘኝ ነው የመጣችው። የምበረው እኔ፣ ፓስፖርቱ በእኔ እጅ፣ ትኬቱ በእኔ ስልክ፣ ምላስም አልጎደለኝም። «አትራመድም» አልኳት ስለራሴ። አልነቃችም። «እሺ፣ ደረጃስ ትወጣለች?» ብላ ወደ እህቴ ዞረች።

ብሶቴ ዛሬ ረዘም ይላል፣ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። እኔ እንደሆን ሁልጊዜም ቁጭ እንዳልኩ ነኝ።

ለማታውቁኝ፦ ከመኪና አደጋ ወዲህ ከወገቤ በታች አይታዘዝልኝም። ዋሽንግተን ዙሪያ እኖራለሁ፣ ሥራዬን እሠራለሁ፣ ባስ እሳፈራለሁ፣ አስቤዛዬን ራሴ እገዛለሁ፣ ማንም አይገፋኝም። ኤርፖርት ስገባ ግን ድንገት ዕቃ እሆናለሁ።

ትኬት ስቆርጥ ዊልቸር ተጠቃሚ መሆኔን እናገራለሁ። ደውዬ አረጋግጣለሁ። የበረራው ቀን ሲቃረብ እንደገና እደውላለሁ፤ በአውሮፓ በኩል ለሚያልፍ ሰው ደንቡ ራሱ ከ48 ሰዓት በፊት አሳውቁ ይላል። አሳወቅን። «ሲስተም ላይ አስገብተነዋል» ይሉኛል። ሲስተሙ ውስጥ የት እንደሚገባ ፈጣሪ ይወቀው፣ በሩ ላይ የቆመው ሰው ጋ ግን ደርሶ አያውቅም።

ብዙ ሰው ስለማያውቀው ነገር እዚህ ጋ ላስረዳ። መንገደኛ እርዳታ ሲጠይቅ አየር መንገዶች የሚጽፉለት ኮድ አለ፤ የትም አገር ያው ነው። ደብልዩ ሲ ኤች ብሎ ይጀምርና ሁሉን የምትወስነው የመጨረሻዋ ፊደል ናት። አር ከሆነች ሰውየው ረጅም መንገድ ይከብደዋል እንጂ ደረጃ ይወጣል፣ መቀመጫውም ድረስ ራሱ ይሄዳል። ኤስ ከሆነች ደረጃ አይችልም፣ አውሮፕላኑ ውስጥ ግን ይራመዳል። ሲ ከሆነች ጭራሽ አይራመድም። እኔ ሲ ነኝ። ለሲ ጠባቧ የመተላለፊያ ወንበር መምጣት አለባት፣ ማንሳት የሠለጠኑ ሰዎች መምጣት አለባቸው፣ አውሮፕላኑ ከሕንፃው ርቆ ከቆመ ደግሞ ሰው ወደ ላይ የሚያነሳው መኪና መምጣት አለበት። ስልክ ያነሳው ልጅ ቸኩሎ አር ብሎ ከሞላው፣ የሚጠብቀኝ አንድ ወንበር የሚገፋ ጎበዝ ብቻ ነው። ጎበዙ ደረጃው ሥር ያደርሰኝና ቀና ብሎ ያያል። እኔም ቀና ብዬ አያለሁ።

ባለፈው መሸጋገሪያ ላይ የሆነው ይኸው ነው። መንገደኛው በባስ ሄዶ፣ በደረጃ ወጥቶ፣ ቦታ ቦታውን ይዟል። እኔ ታች ንፋስ ላይ ነኝ። የሚያነሳው መኪና ሌላ አውሮፕላን ጋ ነው ተባለ። ከሠራተኞቹ አንዱ ለጓደኛው «ለምን ተሸክመን አናወጣትም?» ይለዋል፤ አሁንም ለእኔ አይደለም የሚነገረው። ጀርባዬ ውስጥ ብረት አለ። በየት በኩል እንደምያዝ፣ የቱ እግሬ ቀድሞ እንደሚነሳ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እምቢ አልኩ። በረራው በእኔ ምክንያት ዘገየ ተባለ እንጂ በማን ስህተት እንደሆነ የጠየቀ የለም።

(የእኛም ሰው በዚህ አይታማም። ደግ ነው፣ አልክድም። ግን ሳይጠይቅ ከኋላ ብብቴ ሥር ገብቶ «አይዞሽ እህቴ!» እያለ ብድግ ሲያደርገኝ ነፍሴ ትወጣለች። አይዞሽ ከማለት በፊት «እንዴት ልያዝሽ?» በሉ። አለቀ።)

መኪናው መጣ፣ ወጣሁ። ከዚያ ጠባቧ ወንበር። ያላያችኋት ካላችሁ፣ በመቀመጫዎቹ መሀል እንድታልፍ ተብላ ከሰው ትከሻ የጠበበች፣ እጅ ማሳረፊያ የሌላት ነገር ናት። ደረቴን በቀበቶ፣ ጭኔን በቀበቶ፣ እግሬን በቀበቶ ጠፍረው፣ «እጅሽን ደረትሽ ላይ አጣጥፊ» ብለው፣ ወደኋላ አዘንብለው ይጎትቱኛል። ክርኔ በየመቀመጫው ጠርዝ ይጋጫል። ያን ቀን ነጠላዬ ትንሿ ጎማ ውስጥ ገብቶ ተጠመጠመና በመተላለፊያው መሀል ቆምን። አንዱ አጎንብሶ ጥለቱን ከጎማው ይፈለቅቃል፣ ሌላው የእኔን ጀርባ ደግፎ ያቃስታል፣ እኔ እንደ ከፈን የታሰርኩ ጣሪያውን አያለሁ። ቀድሜ መግባት የነበረብኝ ሰው ዘግይቼ ስለገባሁ አውሮፕላኑ ሙሉ ተመልካች ነበረኝ። ስልኩን ያነሳም አላጣሁም። ከንፈር መጠጣውንማ ተዉት፣ እስከ ኋላ ወንበር ድረስ ይሰማ ነበር።

ስለ ሽንት ቤት ብዙ አላወራም፣ ልጆችም ያነባሉ። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ያለውን መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አብዛኞቻችን ከበረራው በፊት ውሃ እናቆማለን። ሐኪም የሚያስቆጣ ነገር ነው፣ ግን ምን ይደረግ? ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ላይ ሰፋ ያለ ሽንት ቤት ይኖራል። አንድ መተላለፊያ ያላቸው ትንንሾቹ ላይ እንዲኖር አሜሪካ ደንብ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው፤ እሱም ከ2030ዎቹ ወዲህ ለሚታዘዙ አዳዲስ አውሮፕላኖች። እስከዚያ ያዙት ነው ነገሩ።

አሁን ወደሚያጣላን ጉዳይ ልምጣ። «ለማዘር ዊልቸር ጠይቁላት።» ሁላችሁም ብላችኋል። እናቶቻችንን በዊልቸር የምንልካቸው ሁልጊዜ እግራቸው ታሞ አይደለም፤ ቋንቋ ስለማይችሉ፣ መሸጋገሪያ ላይ በሩ እንዳይጠፋባቸው፣ ኢሚግሬሽን ላይ ግራ እንዳይጋቡ ነው። ይገባኛል። በእናቶች ላይ ቅሬታ የለኝም፣ የሰባ ዓመት እናት ያንን ሁሉ ኮሪደር ብቻቸውን ይሂዱ የሚል አንጀት የለኝም። ግን ታውቃላችሁ? በዚያው የኮድ ዝርዝር ውስጥ ያለ ዊልቸር ተቀብሎ የሚያደርስ እርዳታም አለ። ማንም አይነግረንም፣ እኛም አንጠይቅም፣ ትኬት ቆራጩም ዊልቸር ብሎ ይገላገላል።

በልጆቹ ግን እናደዳለሁ። ሰልፍ ለመዝለል ብቻ «ጉልበቴን» የምትል፣ ዱቲ ፍሪ ሲደርስ ግን ተነስታ ሽቶ የምትመርጥ ወጣት በዓይኔ አይቻለሁ። ሲሳፈሩ በሩ ላይ ወንበሩ ተደርድሮ፣ ሲያርፉ ሁሉም ብድግ ብሎ ሻንጣውን ያወርዳል። አየር ላይ ጸበል አለ እንዴ? እኔን ለምን አልነካኝም?

ሳቁ፣ ግን ሒሳቡን እዩት። ለአየር መንገዱ ሁላችንም «ዊልቸር» ነን። ያው አንድ ወረፋ፣ ያው ጥቂት ሠራተኛ። ቋንቋ ያጣችው እናት፣ ሰልፍ የሰለቻት ልጅና መቆም የማትችለው እኔ አንድ ላይ እንቆጠራለን። ሌሎቹ ወንበር ቢዘገይባቸው ተነስተው ይሄዳሉ። እኔ ሰው ሁሉ ወርዶ ካለቀ በኋላ፣ ጽዳቶቹ በእግሬ ሥር ፍርፋሪ እየጠረጉ፣ አስተናጋጆቹ ሰዓታቸውን እያዩ፣ ባዶ አውሮፕላን ውስጥ እቀመጣለሁ።

ያ ሁሉ አልፎ አሜሪካ ስመለስ ደግሞ ወንበሬ የለም። አውሮፕላኑ በር ላይ እንዲመጣልኝ ታግ ታስሮበት የሄደ ወንበር ከሻንጣ ጋር ቀበቶው ላይ ተገልብጦ ሲዞር አገኘሁት። አንዱ የፊት ጎማ ተጣሟል፣ የእግር ማሳረፊያው ተቆልምሟል፣ ትራሱ ጠፍቷል። ትራስ ስል የሶፋ ትራስ አይምሰላችሁ። የማይሰማ ገላ ጠንካራ ነገር ላይ ሲቆይ ይቆስላል፣ ቁስሉም ወራት ያስተኛል። ስለዚህ ለሌሎች ዊልቸር ተጠቃሚዎች፦ ትራሳችሁን ነቅላችሁ ወደ ውስጥ ይዛችሁ ግቡ፣ የሚነቀል ነገር ሁሉ ከእናንተ ጋር ይሁን።

ይህ የእኔ ዕድል ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ባወጣው ቁጥር በ2023 ብቻ ከ11,500 በላይ ዊልቸርና ስኩተር ተሰብሯል፣ ጠፍቷል ወይም ዘግይቷል። መሥሪያ ቤቱ በ2024 መጨረሻ ጠንከር ያለ ደንብ አወጣ፤ ጥቂት ወር ሳይሞላ አየር መንገዶቹ ፍርድ ቤት ሄዱ፣ ከአንቀጾቹም የተወሰኑት ማስፈጸሚያቸው እየተገፋ ነው።

የካሳው ነገር ደግሞ ይኸውላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ብቻ በሚደረግ በረራ ከተሰበረ፣ ካሳው ወንበሩ እስከተገዛበት ዋጋ ድረስ ይሄዳል። አገር አቋርጦ ከሆነ ግን የሞንትሪያል ስምምነት (ስለ አየር መንገዶች ካሳ አገሮች የተስማሙበት ውል ነው) ይመጣና ወንበራችሁ ሻንጣ ይሆናል፤ ጣሪያው ዛሬ 1,519 ኤስዲአር ነው፤ ኤስዲአር የዓለም አቀፉ ገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ነው፣ በዶላር ሲመነዘር 2,000 ገደማ ይሆናል። በሰውነቴ ልክ የተሠራ ወንበር ከዚያ እጥፍ በላይ ነው። ማምለጫው ሲያስረክቡ የወንበሩን ዋጋ በልዩ መግለጫ ማስመዝገብ ነው፣ ተጨማሪ ክፍያ ሊጠይቁ ይችላሉ። ጉዳቱን ደግሞ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አመልክቱ፣ ከኤርፖርቱ ሳትወጡ ፎቶ አንሱ። ከአሜሪካ የሚነሳ ወይም ወደ አሜሪካ የሚገባ በረራ ላይ ከሆናችሁ «ሲ አር ኦ ጥሩልኝ» በሉ። ቅሬታ የሚፈታ ኃላፊ ማለት ነው፣ በአካልም በስልክም ቢሆን የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ይህን ስም ስጠራ የሠራተኛዋ ፊት ሲለወጥ ማየት የጉዞው ብቸኛ ደስታዬ ነበር።

ፎርሙን ሞላሁ። «የዕቃው ዓይነት» የሚለው ላይ የጎልፍ ዱላ አለ፣ የሕፃን ጋሪ አለ፣ ሰርፍ ቦርድ አለ። እኔ «ሌላ» የሚለውን መረጥኩ። በተበደርኩት ወንበር፣ ጎኔ እየተላላጠ፣ ስደውልና ስጠብቅ ከረምኩ። በመጨረሻ ኢሜይል መጣ፤ ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ ጠይቀው፣ ለቀጣይ በረራዬ የሚሆን ቫውቸር ልከውልኛል። ለእህቴ ልስጣት ብዬ ጠየቅኋቸው። ለሌላ ሰው አይተላለፍም አሉኝ።