አቦ ዘፈኑ የሽማግሌው ነው!

ዛሬ ልጄ ከሚሆን ልጅ ጋር ተጨቃጨቅኩ። ድሬዳዋ ከዚራ፣ ስፕሪሴ ፊቴ እየሞቀ።

አመሻሽ ላይ ሙቀቱ በረድ ሲል ዛፍ ሥር ቁጭ ብያለሁ። ስልኬ ላይ አሜሪካዊው ዘፋኝ ቦብ ዲላን «ሜክ ዩ ፊል ማይ ላቭ»ን ይዘፍናል። አጠገቤ ያለው ልጅ ጆሮውን ቀስሮ ሲያዳምጥ ቆየና «ፋዘር፣ ይሄ ሽማግሌ የአዴልን ዘፈን እንዲህ ያበላሸው ምን በድላው ነው?» አይለኝም!

የአዴል! ዲላን ዘፈኑን እ.ኤ.አ. በ1997 ሲያወጣ አዴል የ9 ዓመት ልጅ ነበረች። እሷ ያወጣችው በ2008 ነው። ነገርኩት። «ቢሆንም የሷ ያምራል» አለኝ። ማማሩን ማን ካደ? የማነው ነው ጥያቄው። (በነገራችን ላይ ከዲላን ጥቂት ሳምንት ቀድሞ ዘፈኑን ያወጣው ቢሊ ጆል ነው። ልጁ ይሄን ቢያውቅ አፌን ያስይዘኝ ነበር። አልነገርኩትም፤ እናንተም እንዳትነግሩት።)

የሰው ዘፈን አይነካ እያልኩ አይደለም። ጂሚ ሄንድሪክስ በ1968 የዲላንን «ኦል አሎንግ ዘ ዋችታወር»ን በጊታሩ ሲያነደው ባለቤቱ ራሱ እጁን ሰጥቷል። ሄንድሪክስ ከሞተ ወዲህ እኔም የምጫወተው በሱ መንገድ ነው ብሏል ዲላን። እንዲህ ያለውንማ ድገመኝ ነው የምለው።

እኔን ያቃጠለኝ የካፌ ሳክስፎን ነው። ጠዋት ሳክስፎን፣ ማታ ሳክስፎን። ዲላን በ2016 ኖቤል የተሸለመው በሥነ ጽሑፍ ነው እኮ! በግጥሙ! እነዚህ ግጥሙን አራግፈው ዜማውን ብቻ ያቀርቡልኛል። ውስጡ ባዶ ሳምቡሳ።

ባለፈው ሳምንትማ ጉድ ነው። ልደት ተጠርቼ ኬክ ሲቆረስ የዲላን «ኖኪን ኦን ሄቨንስ ዶር» በቦሳ ኖቫ፣ በዚያ በለስላሳው የብራዚል ስልት ተለቀቀ። ይሄ በ1973 ለካውቦይ ፊልም የተሠራ ዘፈን ነው። ጥይት የመታው ሸሪፍ ሊሞት ሲል ነው የሚሰማው። ባጄን አውልቁልኝ፣ ጨለመብኝ፣ የሰማይ በር እያንኳኳሁ ነው ይላል። ባለ ልደቷ 70 ዓመት የሞላቸው እናት ናቸው። እኛ እናጨበጭባለን! ዲጄውን የማነው ብዬ ስጠይቀው «የጋንስ ኤንድ ሮዝስ» ብሎኝ አረፈ። እነዚህ ሮከሮች ሳይደርሱበት ኤሪክ ክላፕተን እንኳ በ1975 በሬጌ ተጫውቶታል።

የኛም ቤት ያው ነው። ድሮ ካሴት ሽፋን ላይ ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ ተብሎ በደቃቁ ይጻፍ ነበር። እኔ ካሴት ስገዛ መጀመሪያ የማነበው እሱን ነበር። አሁን የድሮውን ዘፈን ደግመው ዩቲዩብ ላይ ሲጭኑ የዘፋኙ ስም ይገዝፋል፣ የገጣሚው የለም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 እኮ ደራሲው በስሙ የመታወቅ መብት አለው ይላል። ስም መጻፍ ስንት ብር ያስወጣል?

«አንተን ምን አገባህ» የምትሉኝ አላችሁ። ሐረር ያለውን የፈረንሳዊውን ገጣሚ የራምቦን ቤት ታውቁት የለ? ዲላን በ1975 አልበሙ ላይ ያንን ገጣሚ ስሙን ጠርቶ ዘፍኗል። የጎረቤታችንን ሰው የሚያውቅ ሰው ለኔ ዘመድ ነው። ያገባኛል!

ብቻ ሂሳብ ከፍዬ ልሄድ ስነሳ ካፌው ሳክስፎኑን ከፈተው። ያንኑ ዘፈን። ልጁ ዞር አለና «ፋዘር፣ ይሄስ የማነው?» አለኝ።

ተመልሼ ቁጭ አልኩ። ሌላ ስፕሪስ አዘዝኩ።