ይድረስ ለእንደራሴያችን የመልስ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ መልስ የሌለው መልስ መላክ እንዲቆም ስለመጠየቅ

ክቡር ደብዳቤ ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጥያቄው ለወግ ያህል መሆኑን ይረዱልኝ። እርስዎ መቼም ታመው አያውቁም። ወረቀት ስኳር የለበት፣ ደም ግፊት የለበት፣ ቀጠሮ አለኝ ብሎ ከሥራ አይቀር። ስለ ጤናዬ ሊነግሩኝ እየመጡ እንኳ አንድ ቀን «አንተስ እንዴት ነህ?» ብለውኝ ስለማያውቁ፣ ደፍሬ ቀደም ማለቴን ይቅር ይበሉኝ።

በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት የወረዳችንን ወንበር የያዙት የሪፐብሊካን ፓርቲ እንደራሴ አመለካከታቸውን በእርስዎ በኩል ሲልኩልኝ ዓመታት አልፈዋል። ስማቸውን አላነሣም። እሳቸውም የእኔን ስም በትክክል አንሥተው ስለማያውቁ አንበላለጥም። ፖስታዎ ሲመጣ ቴምብር ሊለጠፍበት በሚገባው ጥግ ላይ ፊርማቸው ታትሟል። የኮንግረስ አባላት ለመራጮቻቸው ሲጽፉ ፊርማቸው ራሱ ቴምብር ነው፤ ሒሳቡን የሚከፍለው የምክር ቤቱ በጀት ነው፣ ማለትም እኔ። እርስዎን እስከ መጨረሻው መስመር የማነብዎም ገንዘቤ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ብዬ ነው።

ስከፍትዎ «ውድ አቶ» ይሉና የአባቴን ስም ያስከትላሉ። በዚህ አገር ሰው በመጨረሻ ስሙ ስለሚጠራ የአበሻ አባቶች ሁሉ ሳያውቁት ከኮንግረስ ጋር ይጻጻፋሉ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከደብረ ብርሃን አልፎ የሄደው አዲስ አበባ ድረስ ነው። ሜዲኬይድ ስለሚባለው፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ስለተዘጋጀው የመንግሥት የጤና መድን ለማንም አስተያየት ሰጥቶ አያውቅም። እርስዎ ግን «ስለ ጤና ፖሊሲ ላካፈሉኝ ጠቃሚ ሐሳብ» እያሉ ሲያመሰግኑት ኖረዋል። ከሙት ዓመቱ በኋላ ስሙን ከዘመድ ሁሉ አዘውትረው የሚያነሡት እርስዎ ነዎት። ለዚህስ እግዜር ይስጥልኝ።

ትውውቃችን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 መገባደጃ ነው። የኖቬምበር 8ቱ ምርጫ ባለቀ ሰሞን እኛ ታክሲ ነጂዎች በአውሮፕላን ማረፊያው መጠበቂያ ሜዳ ተሰብስበን ከፔርሙስ ቡና እየተቀዳዳን እንሟገታለን። አብዛኞቻችን አሠሪ የለንም፤ የጤና ኢንሹራንሳችንን የምንገዛው ኦባማኬር የሚባለው የጤና ሕግ ካቋቋመው ገበያ ነው። ከመካከላችን ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ 65 ዓመት ለሞላው ሰው ለሚሰጠው የመንግሥት መድን፣ ለሜዲኬር፣ ጥቂት ዓመታት የቀሯቸው የስኳር ሕመምተኛ አሉ። ኢንሱሊናቸውን በትንሽ የበረዶ ሣጥን አድርገው ከወንበራቸው ሥር ያስቀምጣሉ፤ ሻንጣ የሚጭን መንገደኛ እግሩ እንዳይነካው ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይገፏታል። «ልጆች፣ ይህ አስቀድሞ የነበረ ሕመም የሚሉት የእኔ ነው?» አሉን። ነው አልናቸው። «ታዲያ ሊከለክሉኝ ነው?» ይህን የሚመልስ አልተገኘም። እንግሊዝኛው ደህና ነው ተብዬ ለእንደራሴው እንድጽፍ የተመረጥሁት እኔ ነኝ። ጥያቄው አንድ መስመር ነበር፦ ጃንዋሪ 20 አዲሱ ፕሬዚዳንት ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ የእኛ ኢንሹራንስ ምን ይሆናል?

እርስዎ መጡ። በመጀመሪያው አንቀጽ ሰላማዊ የሥልጣን ሽግግር የዴሞክራሲያችን ጌጥ መሆኑን ነገሩን። በሁለተኛው ያለፈው አስተዳደር ያወጣው ሕግ መክሸፉን ነገሩን። በሦስተኛው መጪው አስተዳደር ሕጉን ሽሮ «ታካሚውን ማዕከል ባደረገ» ሥርዓት እንደሚተካው አበሠሩን። ተርጉሜ ሳነብላቸው ጋሼ በጸጥታ አዳመጡና፣ «መልካም፤ ታካሚው እኔ ነኝ። ማዕከሉ የት ነው?» አሉ።

እርስዎ ያልነገሩንን ከዜና ሰማን። ሴኔቱ ጃንዋሪ 12 ቀን 2017 በ51 ለ48፣ የእንደራሴው ምክር ቤት ደግሞ በማግሥቱ በ227 ለ198 ድምፅ ለመሻሪያው መንገድ የሚጠርግ የበጀት ውሳኔ አሳለፉ። ፕሬዚዳንቱ ገና ቃለ መሐላ አልፈጸሙም። በዚያ ሰሞን በኮንግረሱ ሕንፃ በካፒቶል ይወራ የነበረው ሐሳብ ሕጉን አሁኑኑ እንሻረው፣ የሚተካውን ሁለት ሦስት ዓመት ወስደን እንመክርበታለን የሚል ነበር። ጎጆውን ዛሬ እናፍርስ፣ ማገሩን ለከርሞ እንቆርጣለን ማለት ነው፤ ክረምቱ የት እንደሚከረም ግን አልተጠየቀም።

ተመራጩ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በበኩላቸው ከምርጫው በኋላ በሲ.ቢ.ኤስ. ቴሌቪዥን ቀርበው ሁለት ነገሮችን ማቆየት እንደሚፈልጉ ተናግረው ነበር፦ ቀድሞ የታመመ ሰው ኢንሹራንስ እንዳይከለከል የሚያዝዘውን ድንጋጌ፣ እንዲሁም ልጆች እስከ 26 ዓመታቸው በወላጆቻቸው መድን እንዲቆዩ የሚፈቅደውን። እንደራሴው ሁሉንም እንሽራለን ይላሉ፤ ፕሬዚዳንቱ ሰው የሚወድደውን አስቀራለሁ ይላሉ። የሚወደደውን ደግፎ ያቆመው ደግሞ የማይወደደው ነው። ጤነኛው ሳይገዛ በሽተኛው ብቻ የሚገዛው ኢንሹራንስ ዋጋው ሰማይ ይነካል፤ ስለዚህ ነው ሕጉ ያን ጊዜ አልገዛም ያለውን ይቀጣ የነበረውና አቅም ላነሰው ድጎማ የሚሰጠው። አንዱን አስቀርቶ ሌላውን መሻር እንዴት እንደሚሆን ማስረዳት የእርስዎ ሥራ ነበር። ሦስት አንቀጽ ይበቃው ነበር፤ ሦስት አንቀጽ ደግሞ ነበረዎት።

ባራክ ኦባማ ሕጉን ማርች 23 ቀን 2010 ከፈረሙት ወዲህ የእንደራሴው ምክር ቤት በሙሉም ሆነ በከፊል ለመሻር ከ50 ጊዜ በላይ ድምፅ ሰጥቷል። የሚፈርም ፕሬዚዳንት ስላልነበረ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆኖ ቆየ። የሚፈርም ሲገኝ ደግሞ የሚፈረመው ጠፋ። በፌብሩዋሪ 2017 መጨረሻ ፕሬዚዳንቱ የጤና ጉዳይ ይህን ያህል ውስብስብ መሆኑን ማንም አያውቅም ነበር አሉ። (ጋሼ ያውቁ ነበር።) ማርች 24 አፈ ጉባኤው ፖል ራያን ድምፅ እንደማይሞላ ሲያዩ የመሻሪያውን ረቂቅ ከድምፅ በፊት መልሰው ወሰዱት። ሜይ 4 ቀን 217 ለ213 በሆነ ድምፅ አለፈ፤ እንደራሴዎቹም በዚያው ቀን ወደ ኋይት ሐውስ የአትክልት ስፍራ ለደስታ ሄዱ። የኮንግረስ የበጀት ቢሮ ያለፈውን ረቂቅ ገና አልመዘነውም ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ ገደማ ሲመዝነው፣ በ2026 ኢንሹራንስ የሌላቸው ሰዎች በ23 ሚሊዮን እንደሚበልጡ ገመተ። ጁላይ 28 ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ የአንጎል ካንሰር እንዳለባቸው ከተሰማ ገና ቀናት የሆናቸው ሴናተር ጆን ማኬይን በሴኔቱ መካከል ቆመው አውራ ጣታቸውን ቁልቁል ጠቆሙ። ከሱዛን ኮሊንስና ከሊሳ መርከውስኪ ጋር ሦስት ሪፐብሊካኖች ተቃወሙና የሴኔቱ የመሻሪያ ረቂቅ 51 ለ49 ወደቀ።

እርስዎ በዚያው በጋ ሲመጡ ስለዚህ ሁሉ ትንፍሽ አላሉም። ሦስቱ አንቀጾች ባሉበት ነበሩ። ሕጉ «ይሻራል»፣ ተኪውም «ይመጣል»። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ መልሼ ልጽፍልዎ ፈልጌ ነበር፤ ቀጣዩ መልስ ለአባቴ ስለ ከብት እርባታ ላካፈሉኝ ሐሳብ አመሰግናለሁ እንዳይል ፈርቼ ተውሁት።

ፍርድ ግን አላጓድልም፤ ሁለተኛው አንቀጽዎ ውስጥ እውነት አለ። ኦባማ የያዛችሁትን ኢንሹራንስ ከወደዳችሁት ትቀጥሉበታላችሁ ብለው ነበር፤ በ2013 ግን ሚሊዮኖች ውላቸው መሰረዙ በደብዳቤ ተነገራቸው። በ2017 ደግሞ የገበያው ዋጋ በአማካይ ከ20 በመቶ በላይ ዘለለ። ብዙ ሺህ ዶላር ከኪስ ሳይወጣ ኢንሹራንሱ ሥራ የማይጀምርለት ሰው «ኢንሹራንስ አለህ» ሲባል የሚሰማውን እኔ በደንብ አውቀዋለሁ። እንደራሴው ይህን ቁጣ የያዙት በቅንነት ቢሆን ኖሮ አንድ ጊዜ እንኳ እንዲህ ይስተካከል የሚል ዓረፍተ ነገር በእርስዎ ላይ በታተመ ነበር።

ስለ ማዕከሉም ቆይቶ ደረስንበት። በሚረግሙት ሕግ መሠረት የኮንግረስ አባላት ኢንሹራንስ የሚያገኙት ሕጉ ራሱ ባስገኘው የዋሽንግተን ዲሲ ገበያ በኩል ነው፤ ከወርሃዊ ክፍያው አብዛኛውን አሠሪያቸው መንግሥት ይችልላቸዋል። ካፒቶል ውስጥም የሚከታተላቸው የሐኪም ቢሮ አለ። ታካሚውን ማዕከል ያደረገ ማለት እንግዲህ እንዲህ ነው፤ ታካሚውን በመምረጡ ላይ ብቻ ነው ያልተግባባነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ የመጀመሪያው አንቀጽዎ ነው። በ2020 ኖቬምበር፣ ትራምፕ በጆ ባይደን በተሸነፉበት ምርጫ ማግሥት፣ ሆስፒታሎች በኮሮና ሕሙማን በተጨናነቁበት ወቅት፣ የሽግግሩን ሥራ በይፋ የሚያስጀምረው ደብዳቤ ከሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት እስከ ኖቬምበር 23 ሳይወጣ ቆየ። ክትባቱን ማን ያከፋፍላል፣ እንዴት ያከፋፍላል ብዬ ጻፍሁ። እርስዎ በሁለት አንቀጽ መጡ። ስለ ሰላማዊ ሽግግር ጌጥነት የሚናገረው የለም። ተቆርጦ ይሆን ብዬ ወረቀቱን ገልብጬ አየሁ። አራት ዓመት ሙሉ አልታየም። በ2024 ኖቬምበር ግን ደህና ሆኖ፣ ፊቱ እንኳ ሳይጠቁር፣ ወደ ቦታው ተመለሰ። የት ከርሞ እንደመጣ እንደራሴው ይንገሩን።

በዚህ መካከል ተኪው ዕቅድ አሁንም መንገድ ላይ ነው። በጁላይ 2020 በሁለት ሳምንት ይፈረማል ተብሎ ነበር። ሴፕቴምበር 10 ቀን 2024 በፊላዴልፊያው ክርክር ደግሞ ትራምፕ ሲጠየቁ በዕቅድ ላይ ሐሳቦች እንዳሏቸው ተናገሩ። ጋሼ ታክሲውን ትተው፣ 65 ዓመት ሞልቷቸው ሜዲኬር ውስጥ ከገቡ ቆይተዋል። «እርጅና እንኳ ከእነሱ ዕቅድ ቀድሞ ደረሰ» ይላሉ።

የ2025ቱ ሽግግር ያመጣው ደግሞ ተኪ አይደለም፤ ቅንስናሽ ነው። ጁላይ 4 ቀን የተፈረመው ሕግ ብዙ የሜዲኬይድ ተጠቃሚዎች በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን ወይም ሌላ የተፈቀደ ተግባር መፈጸማቸውን እንዲያስመሰክሩ ያዝዛል። ጥገኝነት ያገኙ ሰዎችን ከ2026 ኦክቶበር ጀምሮ ከሜዲኬይድ፣ ከ2027 ጀምሮ ደግሞ ከገበያው ድጎማ ያወጣል። በመጠበቂያው ሜዳ ከእኛ ጋር ቡና ከሚጠጡት ወጣቶች ይህ የሚነካቸው አሉ፤ ወረቀታቸውን ለማግኘት ዓመታት ጠብቀዋል፣ ግብር ይከፍላሉ። በ2021 ተጨምሮ የነበረው ድጎማም በ2025 መጨረሻ አበቃ። ያንን የማብቂያ ቀን ቆርጠው የተዉት ዴሞክራቶቹ ራሳቸው ናቸው፤ የእነሱ ደብዳቤ ቢደርሰኝ ለእሱም የምጽፈው አላጣም። በዚሁ ድጎማ ጠብ ከኦክቶበር 1 ጀምሮ መንግሥት 43 ቀን ተዘግቶ ሰነበተ። ድጎማው ከቀረ ተጠቃሚው ከኪሱ የሚከፍለው በአማካይ ከእጥፍ በላይ እንደሚሆን ኬ.ኤፍ.ኤፍ. የተባለው የጤና ጥናት ተቋም አስቀድሞ ገምቶ ነበር። ወርሃዊ ሒሳቡን ያየ ሰው ገማቹን ሐሰተኛ አይለውም።

ይህን ጽፌ እንደራሴው ምን ሊያደርጉ እንዳሰቡ ጠየቅሁ። እርስዎ መጡ። ችግሩ ያለፈው አስተዳደር ነው፤ መፍትሔውም ይመጣል። ክቡር ደብዳቤ ሆይ፣ ፕሬዚዳንቱም ምክር ቤቱም ሴኔቱም በአንድ ፓርቲ እጅ ሆነው ሳለ መጪው ማን ነው? የሚመጣውስ ከየት ነው?

ልመናዬ ብዙ አይደለም። ለሚቀጥለው ጊዜ ሦስቱን አንቀጾች ያስቀሩልኝና በባዶው ወረቀት ላይ እንደራሴው በገዛ እጃቸው አንድ መስመር ይጻፉ፦ ኢንሱሊን የሚወስድ፣ አሠሪ የሌለው፣ 65 ዓመት ያልሞላው ሰው በሚመጣው ወር ስንት ይከፍላል? ቁጥሩ ትልቅ ቢሆንም አልቆጣም። አላውቅም ብለው ቢጽፉም ከእስከ ዛሬው ሁሉ የተሻለ መልስ ብዬ በፍሬም አሰቅለዋለሁ። ይህ የማይቻል ከሆነ ፖስታውን ባዶ ይላኩት፤ ፊርማው ላዩ ላይ ስላለ ማን እንደላከው አይጠፋኝም።

ከሰላምታ ጋር፣
የወረዳው መራጭ

ግልባጭ፦
ላለፈው አስተዳደር
ለመጪው አስተዳደር
ለአሁኑ አስተዳደር (አድራሻው በደብዳቤዎ ውስጥ ተፈልጎ ስላልተገኘ አልተላከለትም)