እርማት፦ «ማይክሮፊልም ላይ ያለው ሁሉ ኦንላይን አለ» ልክ አይደለም

ወንድሜ፣ «የኮሌጁ ላይብረሪ የማይክሮፊልም ክፍል ጊዜ ማባከኛ ነው፤ የድሮ ጋዜጣ ሁሉ ዳታቤዝ ላይ ተጭኗል» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል። ግን ልክ አይደለም። (ማይክሮፊልም ማለት የጋዜጣ ገጾች በጣም አንሰው ፎቶ የተነሱበት የፊልም ጥቅል ነው።)

ኒው ዮርክ ታይምስን ውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2001 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፍሪላንስ (ቋሚ ተቀጣሪ ያልሆኑ) ጸሐፊዎችን ሥራ ያለ ፈቃዳቸው ዳታቤዝ ላይ ማዋል የቅጂ መብት መጣስ ነው ብሎ ፈረደ። ከዚያ በሺዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎች ከዳታቤዝ ወጡ። ማይክሮፊልሙን ግን ማንም አልነካውም። ገጹን እንደታተመ፣ ከነማስታወቂያው ነዋ የሚያሳየው።

የማንበቢያ ማሽኑም አያስፈራም። ጥቅሉን በግራ ትሰካለህ፤ ጫፉን በመስታወቱ ሥር አሳልፈህ በቀኝ ባለው ባዶ ጥቅል ላይ ትጠመጥማለህ። ፊደሉ ነጭ፣ ገጹ ጥቁር ሆኖ ቢመጣ አትደንግጥ፤ ኔጋቲቭ ስለሆነ ነው። (እኔ መጀመሪያ ቀን ገልብጬ አስገብቼው አንገቴን አጣምሜ ሳነብ ነበር።) አዳዲሶቹ ማሽኖች ገጹን ስካን አድርገው ፍላሽ ላይ ይጭኑልሃል።

ጊዜ ይወስዳል ለማለት ከሆነ ግን ልክ ነህ፦ ፊልም ላይ ቃል ጽፎ መፈለግ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ጽሑፉ የወጣበትን ቀን ከጋዜጣው ኢንዴክስ (ማውጫ) አውጣ፤ ከዚያ ጥቅሉን ጠይቅ።